ከደረስጌ እስከ ቦሌ፣ ከጅዳ እስከ መካ፦ ለአየር መንገደኛ የመሬት ጉዞ መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደባርቅ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ጎረቤቶቼ የነበሩ አዛውንት ባልና ሚስት ለዑምራ ሊሄዱ ትኬት ቆረጡ። በሬ ሸጠዋል፤ ልጆቻቸውም ከዐረብ አገር አዋጥተው ልከውላቸዋል። ትኬቱን አምጥተው «እስቲ አንብብልን» አሉኝ። «ማክሰኞ 00:50» ይላል። «ማክሰኞ ሌሊት ነው» አልኳቸው። ማክሰኞ ምሽት ሻንጣቸውን ይዘው ቦሌ ሲደርሱ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ጥቂት ሰዓት ቀርቶት ነበር። በትኬቱ አቆጣጠር ማክሰኞ 00:50 ማለት በእኛ አነጋገር ሰኞ ሌሊት 6:50 ነው። ያሳሳትኳቸው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ መንገደኛ ሸኝቻለሁ፤ ብዙም ተቀብያለሁ። የተረዳሁት አንድ ነገር ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ ያለው በረራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጅዳም የጥቂት ሰዓታት ጉዞ ነው። ጉዞ የሚበላሸው ግን ሰማይ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ነው፦ መናኸሪያ ውስጥ፣ በኤርፖርት በር ላይ፣ ከሆቴል ወደ ኤርፖርት በሚኬድበት ሰዓት። ከአንዱ መጓጓዣ ወደ ሌላው የሚታለፍባቸውን ቦታዎች አስቀድሞ ያወቀ ሰው ገንዘቡም ጊዜውም ይተርፈዋል። ይህ ጽሑፍ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ተነስቶ በሕዝብ ትራንስፖርት ወደ አውሮፕላን፣ ወደ ሆቴልና ወደ ትልቅ ከተማ ለሚሄድ ሰው የተዘጋጀ ነው። ተጓዡ ለዑምራ ይሂድ፣ ለሕክምና ወይም ዘመድ ለመጠየቅ፣ መንገዱ ያው ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ሰዓቱንና ቀኑን ማንበብ

የአውሮፕላን ትኬት የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠርና በፈረንጆች ቀን ነው። ወደ እኛ ሰዓት ለመመለስ የሚከተለውን መያዝ ይበቃል።

• ከ00:00 እስከ 05:59 ከሆነ 6 ይደመራል። 02:10 ማለት ከሌሊቱ 8:10 ነው።
• ከ06:00 እስከ 18:59 ከሆነ 6 ይቀነሳል። 07:30 ከጠዋቱ 1:30፣ 13:15 ደግሞ ከቀኑ 7:15 ነው። ሲቀነስ ዜሮ ከመጣ 12 ሰዓት ማለት ነው፤ 06:30 ከጠዋቱ 12:30 ይሆናል።
• ከ19:00 እስከ 23:59 ከሆነ 18 ይቀነሳል። 19:40 ከምሽቱ 1:40 ነው።

ሰዓቱን የለየ ሰው ደግሞ በቀኑ ይሳሳታል። በትኬቱ አቆጣጠር ቀን የሚቀየረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ከ00:00 እስከ 05:59 የተጻፈ በረራ ሁሉ የሚነሳው ትኬቱ ላይ ካለው ቀን በፊት በነበረው ማታ ከቤት ለወጣ ሰው ነው። ለእኛ ለሙስሊሞች ይህን ለማስታወስ የሚቀል መንገድ አለ። በሂጅራ አቆጣጠር ሌሊት ከቀኑ ይቀድማል፤ የጁምዓ ሌሊት ስንል የሐሙስን ማታ ማለታችን ነው። «ማክሰኞ 00:50»ንም እንዲሁ የማክሰኞ ሌሊት ብላችሁ፣ ሰኞ ማታ ወደ ኤርፖርት ሂዱ። እኔ ይህን እያወቅሁ ነው የተሳሳትኩት። ስለዚህ ትኬቱን ያነበበላችሁ ሰው የተማረ ቢሆንም ለሌላ ሰው ደግማችሁ አስነብቡ፤ የበረራውን ቀን በአማርኛ በወረቀት ጽፋችሁ ከፓስፖርቱ ጋር አኑሩት።

ከደረስጌ እስከ ደባርቅ

ደረስጌ በጃናሞራ ወረዳ፣ ከመካነ ብርሃን አጠገብ ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ ደጃች ውቤን ድል አድርገው በ1847 ዓ.ም የነገሡት እዚህ ነው። የጎንደር ኤርፖርት ስሙን የወሰደው ከእኚሁ ንጉሥ ስለሆነ፣ የደረስጌ ሰው በአውሮፕላን ሲሄድ ከነገሡበት ቦታ ተነስቶ በስማቸው ወደተሰየመው ሜዳ ይደርሳል ማለት ነው። በመካከሉ ያለው መንገድ ግን ቀላል አይደለም።

ከመካነ ብርሃን ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ ጠጠር ነው። በቧሂት በኩል ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ወጥቶ፣ በጨነቅና በሳንቃበር አድርጎ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ ይወርዳል። የሚሠራበት መኪና በአብዛኛው ቅጥቅጥ ወይም አይሱዙ ነው። የተቆረጠ የመነሻ ሰዓት የለውም፤ የሚነሳው ሲሞላ ነው። በክረምት ጭቃና ጉም ያዘገየዋል። ስለዚህ ለዚህ ክፍል አንድ ሙሉ ቀን መድቡ፤ ማታ ደባርቅ እንደምታድሩም አስቡ። በዚያው ቀን ጎንደር ለመግባት የሚጣደፍ ሰው የመጨረሻው መኪና አምልጦት መንገድ ላይ ይቀራል።

ልብስም አትርሱ። ከፍታው ላይ ጧትና ማታ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ ጋቢና ወፍራም ካልሲ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ይሁን። ፓስፖርት፣ ትኬት፣ መድኃኒትና ገንዘብም ከእጅ ቦርሳ መውጣት የለባቸውም። ጣሪያ ላይ የሚጫነውን ደግሞ በላስቲክ መጠቅለል ያስፈልጋል።

ደባርቅ፣ ዳባት፣ ጎንደር

ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዳባት 75 ገደማ። መንገዱ አስፋልት ሆኖ በዳባትና በአምባ ጊዮርጊስ ያልፋል። በዚህ መስመር አውቶቡስም ሚኒባስም አለ። ሚኒባሱ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ለሻንጣ ቦታው ጠባብ ነው። ትልልቅ ሻንጣ ላለው ቤተሰብ አውቶቡስ ይሻላል። ያለ እረፍት ከሄደ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይበቃዋል፤ ነገር ግን ኬላ ላይ ፍተሻ ሊኖር ስለሚችል ግማሽ ቀን ያዙ።

በዚህ መስመር መጓዝ አዲስ ነገር አይደለም። የጎንደር ሙስሊም ነጋዴዎች ቅፍለት በወገራ በዳባት በደባርቅ አድርጎ፣ ሊማሊሞን ወርዶና ተከዜን ተሻግሮ ወደ ምጽዋ ይሄድ የነበረው በዚሁ አቅጣጫ ነበር። ከምጽዋ ማዶ ደግሞ ጅዳ አለች። ያን ጊዜ ሳምንታት የፈጀው ጉዞ ዛሬ ወደ ደቡብ ዞሮ በጎንደርና በቦሌ በኩል ሆኗል።

መናኸሪያ ውስጥ ማወቅ የሚገባችሁ፦

• መኪና የሚነሳው ጧት ነው። ከሱብሒ በኋላ ወዲያው መናኸሪያ የደረሰ ሰው የሚፈልገውን ወንበር ያገኛል። ከሰዓት በኋላ የመኪናው ቁጥር ይቀንሳል።
• ታሪፉን አስቀድማችሁ እወቁ። የመንግሥት ታሪፍ መናኸሪያው ላይ ይለጠፋል፤ ካላያችሁት ረዳቱን ከመጠየቃችሁ በፊት አጠገባችሁ የተቀመጠውን መንገደኛ ጠይቁ።
• የሻንጣ ዋጋ ሻንጣው ከመጫኑ በፊት ይነገር። ከተጫነ በኋላ የሚጠየቅ ዋጋ ሁልጊዜ ይበልጣል።
• ደላላ «ይህ አሁን ይወጣል» ካላችሁ ወደ መኪናው ውስጥ ተመልከቱ። ግማሹ ወንበር ባዶ ከሆነ አሁን አይወጣም።

ጎንደር ከተማና አዘዞ ኤርፖርት

የዐፄ ቴዎድሮስ ኤርፖርት በአዘዞ በኩል ከመሀል ጎንደር በስተደቡብ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ይህ ርቀት ከደባርቅ የመጣውን ሰው የሚያታልል ነው። «ጎንደር ደረስኩ» ማለት ኤርፖርት ደረስኩ ማለት አይደለም፤ ከተማውን አቋርጦ በሌላኛው ጫፍ መውጣት ይቀራል።

ርካሹ መንገድ ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚሠራው ሚኒባስ ሄዶ፣ ከአዘዞ ባጃጅ ይዞ ኤርፖርት መድረስ ነው። መኪና መቀየር አለበት፤ ሻንጣ ለሌለው ሰው ግን ጥሩ ነው። ሁለተኛው አማራጭ ኮንትራት ነው። ባጃጅም ሆነ ታክሲ ስትይዙ የመጀመሪያው ጥያቄ «በሰው ነው በኮንትራት?» መሆን አለበት። ይህን ሳይጠይቅ የገባ ሰው በሰው ሒሳብ መስሎት የኮንትራት ይከፍላል። ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ኮንትራት ብዙም አይበልጥም፤ ቀጥታ በሩ ድረስም ያደርሳችኋል።

ሦስተኛው የሆቴል ሰርቪስ ነው። አንዳንድ የጎንደር ሆቴሎች እንግዳ የሚያመላልስ መኪና አላቸው። ክፍል ስትይዙ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሰርቪሱ በዋጋው ውስጥ አለ ወይስ ለብቻ ይከፈላል? ስንት ሰዓት ይነሳል? ጧት ለሚነሳ በረራም ይሠራል? አንድ ጊዜ ያረፍኩበት ሆቴል ሰርቪስ አለን ብሎ ጧት ሹፌሩ ሳይመጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማታውኑ የሹፌሩን ስልክ እቀበላለሁ፤ አንድ የባጃጅ ሹፌር ስልክም ለመጠባበቂያ እይዛለሁ።

ማደሪያን በተመለከተ፣ በረራችሁ ጧት ከሆነ አዘዞ ወይም ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ማደር መንገድ ያሳጥራል። ቀን ከሆነ መሀል ከተማ ይሻላል፤ መስጊድም ሐላል ምግብ ቤትም ይቀርባል። ከጥንት ጀምሮ የሙስሊሙ መኖሪያ የነበረው አዲስ ዓለም ከመሀል ከተማ ሩቅ አይደለም። ለሀገር ውስጥ በረራ ከመነሻው 2 ሰዓት ቀድሞ ኤርፖርት መገኘት ይመከራል።

በመኪና እስከ አዲስ አበባ?

በአየር ዋጋው ያልተመቸው ሰው ከጎንደር በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ይሄዳል። ርቀቱ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ይህ መንገድ በድንገት ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቷል። በ2015 ክረምት ወደ ጎንደር የሚደረገው በረራም ለጥቂት ቀናት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ከቦሌ የሚነሳ ዓለም አቀፍ ትኬት በእጁ ያለ ሰው በመኪና ከሄደ፣ ከበረራው ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ ቢገባ ነው የምመክረው። ከመነሳታችሁ በፊትም በዋዜማው መስመሩን የተጓዘ ሹፌር ጠይቁ፤ ከወሬ ይልቅ ትናንት የሄደ ሰው ይታመናል።

ከጎንደር እስከ ጅዳ በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ፣ ሁለቱን በረራዎች በአንድ ትኬት መቁረጥ ይሻላል። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ በቀጣዩ የማሳፈር ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ይሆናል። ለየብቻ ከተቆረጠ ግን ያመለጠው የእናንተ ኪሳራ ነው። ትኬት ቢሮው ውስጥ ሁለት ነገር አክላችሁ ጠይቁ፦ ሻንጣው እስከ ጅዳ ይለጠፋል ወይስ ቦሌ ላይ እንቀበላለን? በሁለቱ በረራዎች መካከል ያለው ጊዜ ረጅም ከሆነ አየር መንገዱ ሆቴል ይሰጣል?

ከቦሌ ወደ ከተማ

ቦሌ ኤርፖርት ሁለት ተርሚናል አለው። የሀገር ውስጥ መንገደኛ በተርሚናል 1፣ የውጭ አገር ተጓዥ በተርሚናል 2 ይስተናገዳል። ጎን ለጎን ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ታክሲ አያስፈልግም። «ተርሚናል 2 ሩቅ ነው፣ ላድርሳችሁ» የሚል ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ እለፉ።

ተቀባይ ወደ ሕንፃው ውስጥ አይገባም፤ የሚጠብቀው በመኪና ማቆሚያው በኩል ነው። ስለዚህ ከዘመድ ጋር ስትቀጣጠሩ «ኤርፖርት» ብቻ አትበሉ፤ የትኛው ተርሚናል እንደሆነ ተነጋገሩ። ከዚያ ወደ ከተማ አራት መንገድ አለ።

አንደኛ፣ ሚኒባስ ታክሲ። ሰማያዊና ነጩ ታክሲ ወደ ተርሚናሉ በር አይመጣም። ከኤርፖርቱ ግቢ ወጥቶ እስከ ዋናው መንገድ በእግር መሄድ ያስፈልጋል። ከዚያ ወደ ስታዲየም፣ ወደ አራት ኪሎና ፒያሳ፣ ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ መገናኛ የሚጠሩ ታክሲዎች አሉ። በቀጥታ የሚሄድ ካጣችሁ ወደ ስታዲየም ወይም ወደ መገናኛ ሄዳችሁ መቀየር ነው። ስትወርዱ «ወራጅ አለ» ማለት ይበቃል። በኮሪደር ልማቱ አንዳንድ ማቆሚያዎች ቦታ ስለቀየሩ፣ ድሮ የምታውቁትን ቦታ ከማሰስ ይልቅ ተራ አስከባሪዎቹን ጠይቁ። ትልቅ ሻንጣ ካላችሁ ረዳቱ የአንድ ሰው ወንበር ዋጋ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ሁለተኛ፣ የከተማ አውቶቡስ። አንበሳና ሸገር አውቶቡሶች በቦሌ መንገድ ያልፋሉ። ዋጋቸው ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን ጧትና ማታ ስለሚጨናነቁ ሻንጣ ላለው ሰው አይመቹም።

ሦስተኛ፣ በስልክ የሚጠራ ታክሲ። ራይድ በ8294፣ ፈረስ በ6090 ይጠራል፤ ስማርት ስልክ ላለው መተግበሪያም አላቸው። ያንጎም አለ። ጥቅማቸው ዋጋው አስቀድሞ መታወቁና የመኪናው ታርጋ በስልክ መድረሱ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ታርጋውን ከመልእክቱ ጋር አመሳክሩ፤ ለዘመድም ላኩት። በተለይ ለብቻዋ የምትጓዝ እህት ይህን አትተወው። ሹፌሩ «አፑን ሰርዤ በቅናሽ ላድርስሽ» ካላት ትውረድ፤ ከተሰረዘ በኋላ ጉዞውን የሚያውቅ ማንም የለም።

አራተኛ፣ የኤርፖርት ታክሲ። በሩ ላይ ቆሞ ይገኛል፤ ከሌሎቹ ይወደዳል። ሌሊት ለደረሰና አዛውንት ወይም ሕፃን ለያዘ ሰው ግን ልፋት ያስቀራል። ዋጋው ከመነሳቱ በፊት ይቆረጥ።

የከተማው ቀላል ባቡር ኤርፖርት አይደርስም። በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር ሁለት መስመር አለው፦ አንዱ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ። ወደ ኤርፖርት ለመሄድ የሚያመቸው የስታዲየም አካባቢ ጣቢያ ነው። መርካቶ ያረፈ ሰው ከአውቶቡስ ተራ እስከ ስታዲየም በባቡር፣ ከዚያ እስከ ቦሌ በሚኒባስ መሄድ ይችላል። ይህ መንገድ ጊዜ ላለውና ሸክም ለሌለው ነው።

የት ማረፍ ይሻላል?

የሚመረጠው ሰፈር በምትሄዱበት ጉዳይና በበረራችሁ ሰዓት ይወሰናል።

ሌሊት ወይም ጎህ ሳይቀድ የሚነሳ በረራ ካላችሁ ቦሌ አካባቢ እደሩ። ቦሌ ሚካኤልና ሩዋንዳ ለኤርፖርቱ ቅርብ ናቸው። በተለይ ቦሌ ሚካኤል የሶማሌ ወንድሞቻችን የበዙበት ሰፈር ስለሆነ ሐላል ምግብ ቤትና መስጊድ ፍለጋ አያስቸግርም። ሌሊት ሚኒባስ ስለሚጠፋ በኮንትራት መሄዳችሁ አይቀርም፤ ርቀቱ አጭር ከሆነ ዋጋውም ያንሳል።

በከተማው ሁለት ሦስት ቀን የምትቆዩና ለዑምራ ዕቃ የምትገዙ ከሆነ መርካቶ ይመቻል። የታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ መለስተኛ ዋጋ ያላቸው ማረፊያዎች አሉ፤ ኢሕራሙም፣ የወገብ ቀበቶውም፣ ሻንጣውም እዚያው ይገኛል። ችግሩ ወደ ቦሌ የሚወስደው መንገድ መጨናነቁ ነው። ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽት 2 ሰዓት ከመርካቶ ቦሌ የሚሄድ ሰው ሁለት ሰዓት ይያዝ። ርካሽ ክፍል ይዞ አውሮፕላን ያመለጠው ሰው ርካሽ አላገኘም።

ለዓለም አቀፍ በረራ 3 ሰዓት ቀድሞ መገኘት ያስፈልጋል። ከኤርፖርቱ በር ጀምሮ ፍተሻ ስላለ፣ 3 ሰዓቱ የሚቆጠረው ሕንፃው ውስጥ ከገባችሁበት እንጂ ከሆቴል ከወጣችሁበት አይደለም።

ከጅዳ እስከ መካ

ለሐጅ የሚሄድ ሰው በመጅሊሱ በኩል ስለሚጓዝ በሳዑዲ ምድር የሚያመላልሰው አውቶቡስ የተዘጋጀ ነው። የሚከተለው በራሱ ወይም ከቤተሰብ ጋር ለዑምራ ለሚሄድ ነው።

ጅዳና አዲስ አበባ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው፤ የእጅ ሰዓት መቀየር አያስፈልግም። የሚቀየረው አጠራሩ ብቻ ነው፦ የእኛ 2 ሰዓት እዚያ 8 ይባላል። ሌላው፣ አውሮፕላኑ ጅዳ ከማረፉ በፊት ሚቃትን ያልፋል። ወንዶች የኢሕራሙን ልብስ ከቦሌ ለብሰው ቢነሱ፣ ኒያውንም ሚቃቱ ሲነገር ቢያደርጉ ይቀላል። ኢሕራሙን በተጫነ ሻንጣ ውስጥ አድርጎ መሄድ በየጊዜው የሚታይ ስህተት ነው።

ከንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ኤርፖርት መካ በመንገድ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሐረመይን ፈጣን ባቡር በፈረንጆች 2018 ሥራ ጀምሮ መካን፣ ጅዳንና መዲናን ያገናኛል፤ መስመሩ 450 ኪሎ ሜትር ሲሆን በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይበራል። የኤርፖርቱ ጣቢያ ያለው ተርሚናል 1 ላይ ነው። ስለዚህ ስትወርዱ መጀመሪያ የምታረጋግጡት የትኛው ተርሚናል እንዳላችሁ ነው። ትኬቱ በፓስፖርት ስም ስለሚቆረጥ ፓስፖርቱን በእጅ ያዙ። ጅዳ ከተማ ውስጥ ሱለይማኒያ የሚባል ሌላ ጣቢያ ስላለ፣ ስትመለሱ ለኤርፖርት ብላችሁ የጅዳ ከተማውን ትኬት እንዳትቆርጡ ተጠንቀቁ።

የመካው ባቡር ጣቢያ ያለው ሩሰይፋ ነው፤ ሐረም በር ላይ አያወርድም። ከዚያ እስከ ሐረም በከተማ አውቶቡስ ወይም በታክሲ ይኬዳል። የመካ የከተማ አውቶቡሶች በቁጥር የተለዩ መስመሮች አሏቸው፤ የሆቴላችሁን ሰፈር ስም በዐረብኛ በወረቀት አጽፋችሁ ለሹፌሩ ማሳየት ከብዙ ንግግር ያድናል። ሆቴል ስትይዙም «ለሐረም ቅርብ» በሚለው ቃል አትርኩ። በሜትር ስንት ነው፣ ዳገት አለው ወይ፣ አውቶቡስ ወይስ በእግር ብላችሁ ጠይቁ።

ኤርፖርቱ በር ላይ «ታክሲ፣ መካ፣ መካ» እያሉ የሚከተሉ ፈቃድ የሌላቸው ሹፌሮች አሉ። አማርኛ የሚናገርም ሊያጋጥማችሁ ይችላል። አገር ልጅ መሆኑ ፈቃድ አይሆንም፤ ወደተፈቀደው የታክሲ ተራ ሂዱ።

ሰላት በመንገድ ላይ

ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ስለሆነ አብዛኞቹ ዑለማዎች ለቀስር ያስቀመጡትን ከ80 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ርቀት ያልፋል። ዳባት 75 ስለሆነ ጎንደር ብቻ ለሚሄድ ሰው አይሞላም። መዳረሻው አዲስ አበባ ወይም ጅዳ የሆነ የዳባት ሰው ግን ከከተማው ቤቶች ወጥቶ እንዳለፈ ሙሳፊር ነው፤ ርቀቱ የሚታየው እስከ መዳረሻው ነውና። በአንድ ከተማ መቆየትን ከስንት ቀን በላይ ካሰቡ ሰላቱን ማሟላት እንደሚገባ በመዝሀቦች መካከል ልዩነት አለ፤ ሻፊዒያዎች አራት ቀን፣ ሐነፊያዎች አሥራ አምስት ይላሉ።

በጉዞ የሚያስቸግረው ሱብሒ ነው፤ አይጠርም፣ ከሌላም ጋር አይጣመርም። መኪናው ከጎህ ጋር የሚነሳ ከሆነ ወንበር ስትይዙ ለሹፌሩ ተናገሩ፤ ወይም ከሰገዳችሁ በኋላ የሚነሳውን ያዙ። በሰሜን መንገድ ሹፌሮች ክርስቲያንም ሆኑ ሙስሊም አስቀድሞ በጨዋነት ከተነገራቸው ሲያስቸግሩ አላየሁም። ቦሌ ተርሚናል 2 ውስጥ መስገጃ ክፍል አለ።

ከበረራው ወደ ኋላ መቁጠር

ሁሉንም የሚያስረው ደንብ ይህ ነው፦ ጉዞን ከቤት ጀምሮ ወደ ፊት ሳይሆን ከበረራው ጀምሮ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ከደረስጌ የሚነሳና «ማክሰኞ 00:50» የሚል ትኬት የያዘ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ያለ ጭንቀት ይደርሳል።

• ሐሙስ፦ ከደረስጌ ደባርቅ፤ ደባርቅ ማደር።
• ጁምዓ፦ ከሱብሒ በኋላ ከደባርቅ ጎንደር፤ ጁምዓን ጎንደር ሰግዶ እዚያው ማደር።
• ቅዳሜ፦ ከአዘዞ በአውሮፕላን አዲስ አበባ።
• እሑድ፦ መጠባበቂያ ቀን። አንዱ መኪና ወይም በረራ ቢቀር የሚያድነው ይህ ነው፤ ካልቀረ ዕረፍት ነው።
• ሰኞ፦ ቀን ቦሌ አካባቢ መዋል። ከምሽቱ 3:50 ሳይሆን ተርሚናል 2 ውስጥ መገኘት።

መጠባበቂያው ቀን የአንድ ሌሊት የሆቴል ዋጋ ያስወጣል። ብዙ ሰው ይህን ለመቆጠብ ሲል ይተወዋል። ያመለጠ የአውሮፕላን ትኬት ግን ከብዙ ሌሊት የሆቴል ዋጋ ይበልጣል።

እነዚያ ጎረቤቶቼ ያን ጊዜ ከቦሌ ወደ ደባርቅ ተመለሱ። ልጠይቃቸው ሄጄ አንገቴን ደፍቼ ስቀመጥ ሽማግሌው «ምንም አይደለም ልጄ፣ ኒያው አልተሰረዘም» አሉኝ። በቀጣዩ ዓመት ልጆቻቸው እንደገና አዋጡና ሄዱ፤ አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ተመለሱ። የሁለተኛውን ትኬት ቀን ሦስት ሰው ነበር ያነበበው፤ አንዱ እኔ ነበርኩ።